የነጠላ ኳስ ዳኛ

ቢቸና ትምህርት ቤት በመምህርትነት በተመደብሁበት ዓመት ዲሬክተሩ ቢሮው አስጠራኝና አንድ ፊሽካና አንድ የተነፈሰ ኳስ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«የሰውነት ማጎልመሻና የመዝናኛ ኃላፊ እርስዎ ነዎት» አለኝ።

«እኔ ሩጫ አላውቅም» አልሁት።

«የሚሮጥማ ሞልቷል። ያጣነው ጊዜ ያለው ሰው ነው።»

እውነቱን ነው። ሌሎቹ መምህራን ሚስት ነበራቸው፣ ወይም እርሻ፣ ወይም ካርታ። እኔ የነበረኝ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፍ ማንበብ ደግሞ እንደ ሥራ አይቆጠርም።

ዲሬክተሩ በዕድሜ ከእኔ ያንስ ነበር። መምህራኑም ያንሱ ነበርና ሁሉም አንቱ ይሉኛል። አክብሮት ነው፤ አልጠላሁትም። ነገር ግን አንቱ የተባለ ሰው «ነይ ሻይ እንጠጣ» አይባልም። በዕረፍት ሰዓት ዋርካው ሥር ተሰብስበው ሲሳሳቁ እኔ ስደርስ ብድግ ይሉልኛል፤ ስቀመጥ ሳቁ ይቋረጣል። ስለዚህ አልቀመጥም ነበር።

ትምህርት የጀመርሁት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያስገቡበት ዕድሜ ነው። በልጅነቴ ተድሬ፣ ሳልወልድ ተፋትቼ፣ ከተማ ገብቼ አንደኛ ክፍል ስቀመጥ ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን አዙሬ እቀመጥ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ በመጀመሪያው ቀን «እማማ፣ ልጅዎ የታለች?» ብላ ጠየቀችኝ። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። እኔን ሴት ስለሆንሁ አላስተማሩኝም፤ ግን ደጃፍ ላይ እህል ስለቅም ተማሪዎቻቸው ሲቀኙ እሰማለሁ፤ አንድ ቃል ከቦታው ሲዛነፍ አባቴ በበትራቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ። ከእሳቸው የወረስሁት ይህንን ነው። የተዛነፈ ነገር ሲያልፍ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የስፖርት ጊዜ ነበር። ወንዶቹ ኳስ ያባርራሉ። ሴቶቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ ግድግዳ ተደግፈው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያያሉ። የመጣልን መመሪያ ሴቶችም ቁምጣ ለብሰው ይሩጡ ይል ነበር። አንዲት እናት ይህን ሰምተው በር ድረስ መጡና፣ «ልጄን ፊደል አስቆጥሩልኝ ብዬ ሰጠኋችሁ እንጂ ጭኗን ለገበያ አውጡልኝ አላልሁም» አሉ። ዲሬክተሩ ወደ እኔ መራቸው።

«ልክ ነዎት፣ እማማ» አልኋቸው። «ሌላ ነገር ፈልጌ አመጣለሁ።»

መጀመሪያ ያወጣሁት የቅል ጨዋታ ነበር። ሁለት ቡድን ውሃ የሞላ ቅል እየተቀባበለ ሜዳውን ይሻገራል፤ ብዙ ውሃ የተረፈለት ያሸንፋል። ልጆቹ አንድ ጊዜ ተጫወቱት።

«እትዬ፣ ይኼንንማ ቤት እንሠራው የለ?» አለች አንዷ።

«ለዚያውም ሲደፋብን እንገረፋለን» አለች ሌላዋ።

በዚያው ቀረ። ቀጥሎ የፊደል ጨዋታ አወጣሁ። እኔ አንድ ፊደል ስጠራ ሁለቱ ቡድኖች መሬት ላይ ተጋድመው በሰውነታቸው ፊደሉን ይሠራሉ፤ ቀድሞ በትክክል የሠራው ያሸንፋል። ይህን እኔ በጣም ወደድሁት። ነገር ግን የመጀመሪያው ላይ የየትኛዋ እግር መርዘም እንዳለበት ሳስተካክል ደወሉ ተደወለ፤ በሚቀጥለው ዓርብ ሁሉም ሆዳቸውን አመማቸው።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ከወንዝ ማዶ፣ ሾላ ሥር ነው። ሁለት ተማሪዎቼ አንድ ነጠላ በአራቱ ማዕዘን ይዘው፣ ወጥረው፣ ወደ ላይ አንጋጠዋል። ነፋስ ቅርንጫፉን ሲያወዛውዝ የበሰለው ሾላ ይወድቃል፤ እነሱ ወደሚወድቅበት እየተጠጉ ይቀልቡታል። አንዷ ወደ ግራ ሌላዋ ወደ ቀኝ ስትስብ ፍሬው መሬት ላይ ይፈርጣል። አብረው ከሄዱ ግን አያመልጣቸውም። አንዱን ከቀለቡት በኋላ ነጠላውን ሳብ ሲያደርጉት ሾላው ወደ ላይ ተስፈነጠረና መልሰው ቀለቡት፤ ሳቁ። እኔ መንገድ ላይ እንደቆምሁ ቀረሁ። ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ሕጉን ጻፍሁ።

ሕጉ ይኸው ነው። በየወገኑ ሦስት ጥንድ አለ፤ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ነጠላ ይይዛል። ኳሷ የጨርቅ ኳስ ናት። እጅ አይነካትም፤ ከነጠላ ወደ ነጠላ ብቻ ትወረወራለች። ኳሷን የያዘ ጥንድ ካለበት አይንቀሳቀስም፤ ሌሎቹ ናቸው የሚሮጡት። በሜዳው ወዲህና ወዲያ ጫፍ ጉቶ ላይ እንቅብ ተቀምጧል፤ በባላጋራዋ እንቅብ ኳሷን የጨመረች ነጥብ ታገኛለች። የነጠላዋን ጫፍ የለቀቀች ቡድኗን ኳስ ታሳጣለች። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ሁሉ ይቆማል፤ ካልተነፋ ማንም አይቆምም። የመጨረሻውን መስመር አሰመርሁበት፤ ክርክር የለም ይላል።

ልጆቹ የነጠላ ኳስ አሉት። ቀሚሳቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው እንደወረደ መጫወት ቻሉ። ያቺ እናት አንድ ዓርብ አጥሩን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና፣ «ይኼ ደግ ነው፤ የሚገለጥ የለውም» ብለው ሄዱ። እኔ ድምፄ ከፊት ካለው ዴስክ አያልፍም፤ ፊሽካው ግን ሜዳውን ይሞላው ነበር። ስነፋ ሁሉም ዞረው ያዩኛል። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ዓርብን እጠብቃለሁ።

ችግሩ ተጋጣሚ አልነበረንም። ያንኑ አንድ ትምህርት ቤት ለሁለት ከፍለን፣ የዛሬዋን አጋር የነገ ባላጋራ እያደረግን ተጫወትን። ከልጆቹ መካከል አንዲት ረጅም ነበረች፤ አባቷ በአውራጃው ፍርድ ቤት ደጃፍ ለባለጉዳይ የሚሟገቱ ጠበቃ ናቸው። እሷ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ።

«እትዬ፣ እርስ በርሳችን ተሸናንፈን አለቅን እኮ። የየአንዳንዷን ተንኮል ሌላዋ በቃሏ ታውቀዋለች።»

ወንዶቹ በየዓመቱ ለውድድር ወደ ሌላ ከተማ በመኪና ሲሄዱ ሴቶቹ አጥሩ ሥር ቆመው ይሸኛሉ። ዲሬክተሩ ዘንድ ሄድሁ። የነጠላ ኳስም በውድድሩ ይግባ አልሁት።

«ከማን ጋር ሊጋጠሙ?»

«እስካሁን የሚጫወተው የለም።»

«ተጋጣሚ የሌለው ጨዋታ ልምምድ ነው የሚባለው። ሌላ አንድ ትምህርት ቤት ይጫወተው፤ ያን ጊዜ መኪናውን እኔ ራሴ ለምኜ አመጣለሁ።»

በየአቅጣጫው ሰው ላክሁ። ጉንደ ወይን የነበረ አንድ መምህር፣ «ነጠላ የሚለበስ እንጂ የሚወረወርበት አይደለም በሏት» ብሎ መለሰልኝ። ሌሎቹ እንዲህም አላሉኝም። በመጨረሻ ሞጣ የመምህር ቦታ መጓደሉን ሰማሁና ዝውውር ጠየቅሁ። ተጋጣሚ የሚሰጠኝ ካጣሁ፣ ሄጄ ራሴ ላበጀው።

የቤት አከራዬ በከተማው አንቺ የሚሉኝ ብቸኛ ሰው ነበሩ። ዕቃዬን ስሸክፍ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ሞጣ ማን አለሽ?»

«ማንም።»

«ሰው ወደ ማንም አይሄድም። ባል ነው?»

«ተጋጣሚ ነው።»

«እሱንማ ባል ይሉታል» አሉ።

ልጆቹ እስከ መኪናው ሸኙኝ። ረጅሟ «ፊሽካውስ?» አለችኝ። ይዤው እንደምሄድ፣ ሞጣ ሌላ እንደማላገኝ ነገርኋት። የጻፍሁትን ሕግ ግን ትቼላቸዋለሁ፤ ሕጉ ካለ ዳኛ አይጠፋም አልኋት።

ሞጣ የተከራየሁት ጨርቅ የሚነግዱ አንዲት ሙስሊም ባልቴት ግቢ ነው። ደግ ነበሩ፤ ግን ሱቅ ውለው ሲመለሱ ድካሙ ስለሚጥላቸው ወሬያችን በበር ላይ ሰላምታ ያልቃል። የከተማው እናቶች ነጠላ ይቀደዳል ብለው ሲያጉረመርሙ፣ እሳቸው ከሱቃቸው አቡጀዲድ በክንድ ለክተው ቀደዱና ሰጡኝ። «ልጆች ካልቀደዱት ምን ይሠራል?» አሉ። የሞጣ ልጆች፣ የቄሱም ልጅ የነጋዴውም ልጅ፣ በዚያ አቡጀዲድ ተማሩ። ከመነሻው ፊሽካ እየሰሙ ስለተማሩ ከቢቸናዎቹ ይልቅ ንጹሕ ጨዋታ ነበራቸው። ፊሽካ ስነፋ ባሉበት ይቆማሉ፤ ካልነፋሁ መብረቅ ቢወርድም አይቆሙም።

ያ ዓመት ረጅም ነበር። እሑድ ቅዳሴ ሰምቼ ስመለስ እስከ ሰኞ የማናግረው ሰው የለም። ክረምቱ መንገዱን ሲዘጋው መኪና አይመጣም። በጋ ሲሆን የቢቸናን መኪና ድምፅ ስሰማ ገበያው ዳር ወጥቼ ሾፌሩን እጠይቃለሁ።

«ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ እመቤቴ። ባለፍሁ ቁጥር ሲካሰሱ ነው የማያቸው።»

እየቀለደ መሰለኝ።

የቢቸናው ዲሬክተር ቃሉን ጠበቀ። ሞጣ ቡድን እንዳላት ባስነገርሁለት ዓመት መኪና ለምኖ ላከልን። ልጆቼን የእህል ጆንያ ላይ ጭኜ፣ አቡጀዲዳችንን አጥቤ፣ በጠጠሩ መንገድ ስንንገጫገጭ ውለን ቢቸና ገባን። ግጥሚያው በማግስቱ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር።

የቢቸና ልጆች አድገዋል። ረጅሟ እኔን አንድ ራስ በልጣኛለች። ጉንጬን ሳሙኝ፣ ደህንነቴን ጠየቁኝ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ሞጣ ልጆች ዞሩ። ዓይናቸው ተጋጣሚያቸው ላይ ነበር። ልክ ነው፤ ልፋቴም ለዚሁ ነበር። መሐል ሜዳ ቆሜ ፊሽካዬን ነፋሁ።

ለትንሽ ጊዜ ያሰብሁትን ሁሉ አየሁ። ነጠላና አቡጀዲድ ተቀላቅለው ይወጠራሉ፣ ይላላሉ፤ ኳሷ ከማታውቀው ወገን ወደማታውቀው ትዘላለች። ሰው በአጥሩ ዙሪያ ተሰብስቧል። ከዚያ አንዲት የሞጣ ልጅ ኳሷን ስትቀልብ አውራ ጣቷ ብቅ አለ። ቢቸናዎቹ «እጅ! እጅ ነካች!» አሉ። እኔ አይቻለሁ፤ ጣቷ የነካው የጨርቁን ጥግ ነው፤ ኳሷን አልነካም። ፊሽካ አልነፋሁም።

ረጅሟ ልጅ «በንጉሥ አምላክ!» አለች።

በዚያ ዘመን ይህ ቃል የተጠራበት ሰው ካለበት አይነቃነቅም። የሚሮጥ ሌባ እንኳ ይቆምለታል። የቢቸና ልጆች ነጠላቸውን እንደወጠሩ ደርቀው ቀሩ። የሞጣ ልጆችም እግራቸው ተያዘ፤ የዚያው አገር ልጆች ናቸውና። ኳሷን እንደያዙ ወደ እኔ አዩ።

«ፊሽካ አልተነፋም። ተጫወቱ» አልኋቸው።

ወረወሩ፤ ኳሷ ዘብ በሌለው እንቅብ ውስጥ ገባች። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሰው፣ «ኧረ በንጉሥ አምላክ ተብሎ!» አለ፤ ሌላውም ተቀበለው። ቢቸናዎቹ ነጠላቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ልባቸው ወደ ቤት ነው። ከሄዱ ደግሞ ሁለተኛ ግጥሚያ የሚባል ነገር እንደማይኖር ገባኝ፤ ሁለት ከተማ ለየብቻው ልምምድ ሲያደርግ ይኖራል።

«ሕጉን ጽፌ ትቼላችሁ ነበር» አልሁ።

«ሕጉ ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ይላል» አለች ረጅሟ። «ፊሽካውንም ዳኛውንም ይዘው ሄዱ። መጀመሪያ በጣታችን ስናፏጭ እናቶቻችን ሴት ልጅ አታፏጭም ብለው ተቆጡን። ከዚያ አባቴን ጠየቅሁት። ዳኛ በሌለበት አገር ሰው እንዴት ይጣላ ነበር አልሁት። ድሮ የተጣላ ሰው በንጉሥ አምላክ ብሎ ባላጋራውን ያቆማል፤ ልብሳቸውን ጫፍና ጫፍ ይቋጥሩና በቁራኛ ሄደው ከመንገድ ያገኙትን ሰው ዳኛ ያደርጋሉ አለኝ። እኛም እንደዚያ እናደርጋለን።»

«በየጨዋታው?»

«በየጨዋታው። ሰው የሚመጣውም ሙግቱን ለመስማት ነው። ነጠላዎን ያምጡ፣ እትዬ።»

«ከማን ጋር ነው የምትቋጥሪኝ?»

«ከእኔ ጋር። ከሳሿ እኔ ነኝ።»

የነጠላዬን ጫፍ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጠረችውና ወደ መንገዱ ወጣን። ከሰው ጋር እንዲያ ተጠጋግቼ ከሄድሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። የእሷ ርምጃ ይረዝማል፤ እኔ ወደ ኋላ ስቀር ቋጠሮው ይጠብቃል፤ ታዘገማለች፤ እንደገና ትረሳና ትፈጥናለች።

«ሲሄዱ ተቆጥተን ነበር» አለች ፊት ለፊቷን እያየች።

«የሄድሁት ተጋጣሚ ላመጣላችሁ ነው።»

«እሱንማ እናውቃለን። ግን ተጋጣሚ ይምጣልን ስንል እርስዎም እዚሁ ሆነው መስሎን ነው።»

እንደተቋጠርን ነበርና ራቅ ማለት አይቻልም። ርምጃዬን ከርምጃዋ ጋር ለማስተካከል ሞከርሁ።

መጀመሪያ ያገኘናት ዶሮ የታቀፈች ሴት ነበረች። ጉዳዩን ሰምታ፣ «እኔን ተዉኝ፣ ዶሮዬ ሳትሞትብኝ ቤት ልግባ» አለችን። ቀጥሎ ከፍርድ ቤቱ በኩል አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ጋቢ ለብሰዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ ፊታቸው የሰለቸው ነው።

«አባባ፣ በንጉሥ አምላክ፣ ይዳኙን» አለች ልጅቱ።

ቆሙ። ቋጠሮውን አዩት። «ቁራኛ? ይኼ ቀርቶ የለም እንዴ?»

«እኛ ዘንድ አልቀረም።»

«በምን ተካሰሳችሁ? በመሬት?»

«በኳስ።»

«በኳስ» አሉና ጥቂት አሰቡ። «እኔ በመሬት ስካሰስ ጠጉሬ አለቀ። ዛሬም ቀጠሮ ነው የሰጡኝ። ዳኛ ያደረገኝ ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው የለም። ምሩኝ።»

ሜዳው ሲደርሱ እንቅቡን ከጉቶው ላይ አንሥተው በቦታው ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሕዝቡ አጥሩን ዘሎ ገባ። ረጅሟ ልጅ ከዘራቸውን ተዋሰች፤ ነጠላዋ ከእኔ ጋር ስለተቋጠረ በአንድ ትከሻዋ ብቻ እንደተንጠለጠለ ወደ ፊት ራመድ አለች። እኔም ተጎትቼ ራመድሁ።

«ጌታዬ፣ አንዲት ሴት ላሟን በረት ውስጥ ትታ ሌላ አገር ብትሄድ፣ ጎረቤት ሣር አብልቶ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ ከጅብ ጠብቆ ቢያኖራት፣ በዓመቱ ባለቤቲቱ መጥታ ጡቷን እንዲህ አድርጋችሁ ካላለባችሁ ትላለች ወይ?»

ሰዉ አጉረመረመ፤ ደስ ብሎታል። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ጌታዬ፣ ዳኛው ፊሽካ ካልነፋ ጨዋታ አይቆምም። ፊሽካ አልተነፋም። የሞጣዋ ልጅ የነካችው ጨርቁን ነው፤ ኳሷን አልነካችም።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ይኸው ነው ሙግቱ? እኔ ለአንድ ድንበር ድንጋይ ከማለዳ እስከ ቀትር እናገራለሁ» አሉ። ሰው ሳቀ። «እሺ ልጠይቅሽ። ይህን ሕግ ማን አወጣው?»

«እኔ።»

«በሕጉ የሚዳኘውስ?»

«እኔ።»

«አሁን የተከሰሰውስ?»

«እኔው ነኝ።»

«ታዲያ እኔን ለምን አደከማችሁኝ? ብቻሽን ጀምረሽ ብቻሽን መጨረስ ትችዪ ነበር እኮ።»

ሳቁ እስኪያልፍ ድረስ ነጠላዬን አየሁ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ከዘራቸውን ከልጅቱ ተቀብለው መሬቱ ላይ አቆሙት።

«በንጉሥ አምላክ ከተባለ በኋላ የገባው፣ እንዳልገባ ይቆጠር። እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ንጉሡ ይናገሯል፤ ቢቸና ሲጫወቱ በቢቸና ልማድ፣ ሞጣ ሲጫወቱ በሞጣ ልማድ ይሁን። የሞጣ ልጆች የታዘዙትን ነው ያደረጉ፤ እነሱ ላይ ነገር የለም። አንቺን በሚመለከት ግን፣ የወለደች እናት ልጅሽ መልከ መልካም ነው ወይ ተብላ አትጠየቅም። ሕግ ያወጣ ሰው በሕጉ አይዳኝ። ከእንግዲህ በዚህ ጨዋታ ዳኛ አትሆኚም።»

«ቢቸና ብቻ ነው፣ ወይስ ሞጣም?» አልሁ። ትክክሉን ማወቅ ነበረብኝ።

«የትም። ይግባኝ ካልሽ በይ፤ የቢቸናን ፍርድ ቤት መንገድ እኔ አሳይሻለሁ።»

ይግባኝ ማለት እችል ነበር። ሌላ መንገደኛ ፈልገን፣ ሙግቱን ካንድ ብለን እንጀምራለን፤ ፀሐይዋም አትጠብቀንም፤ መኪናው በማለዳ ይመለሳል። ዞሬ አየሁ። ሁለቱ ቡድኖች ከሽማግሌው በስተኋላ ተቀላቅለው ቆመዋል። አንዲት የሞጣ ልጅ የአቡጀዲዷን ጫፍ ለአንዲት የቢቸና ልጅ ሰጥታ ቁራኛ እንዴት እንደሚቋጠር ትማራለች። ተሳስታ ፈታችው፣ ደገመችው።

«ይግባኝ አልልም» አልሁ።

ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር ረጅሟ ልጅ በጥርሷ ፈታችው። ከዚያ ፊቴን ሳታይ ሮጣ ጥንዷን ያዘች።

እስኪመሽ ተጫወቱ። ተጫወቱ ከማለት ተሟገቱ ማለት ይቀላል። የሞጣ ልጆች ትምህርቱ ወዲያው ገብቷቸው ለትንሹም ለትልቁም በንጉሥ አምላክ ይሉ ነበር። ሽማግሌው ከጉቶው አልተነሡም፤ ሰዉም አልሄደም። በመጨረሻ ቢቸና በአንድ ነጥብ አሸነፈች። ከፍርዶቹ ሁለቱን እኔ ብሆን እንዲያ አልፈርድም ነበር። ዲሬክተሩ እኔ ወደተቀመጥሁበት ድንጋይ መጣና፣ «እንኳን ደስ አለዎት፤ ተጋጣሚ ተገኘ» አለኝ። ቦታ ለቅቄለት ነበር፤ ግን ከአክብሮት የተነሣ ቆሞ ቀረ፣ ከዚያም ሄደ።

በቀጣዩ በጋ ቢቸናዎች ሞጣ መጡ። በፍርዱ መሠረት ሞጣ ላይ ፊሽካ መኖር ነበረበትና ፊሽካውን ለጨርቅ ነጋዴዋ ባልቴት ሰጠኋቸው። አፋቸው ውስጥ ማድረጉን ስላልወደዱት ያጨበጭቡ ነበር። በሌላው ዓመት ግን የሞጣ ልጆችም ፊሽካውን ተዉት፤ መንገደኛ እየያዙ መሟገቱ ይጣፍጣል አሉ። እኔ ዛሬም ክርክር የጨዋታን ጊዜ ይበላል ባይ ነኝ። ያም ሆኖ ሁለቱ ከተሞች በጋ በመጣ ቁጥር ይጋጠሙ ነበር፤ ቆይቶ የመርጡለ ማርያም ልጆችም ጀመሩት ሲባል ሰማሁ። የእነሱን ሲጫወቱ አላየሁም።

ሞጣ ብዙ ዓመት ቆየሁ። የስፖርቱን ኃላፊነት አንድ ወጣት መምህር ተረከበኝ፤ እኔ ንባብና ጽሕፈት ብቻ አስተምር ጀመር። ቤቴ ከሜዳው ማዶ ነበርና ዓርብ ዓርብ መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ ሙግታቸው በመስኮት ይገባል። ማን ልክ እንደሆነች ከድምፃቸው መለየት እችላለሁ። ወጥቼ ተናግሬ ግን አላውቅም፤ ፍርድ ነው።

አንድ ዓርብ ከገበያ ስመለስ በሜዳው ዳር አልፌ ነበር። ሁለት ልጆች ነጠላቸው ተቋጥሮ መንገዱ ላይ ቆመዋል፤ አንዷ ትልቅ፣ አንዷ በዚያ ዓመት የገባች ትንሽ። መንገዱ ባዶ ነው። ትንሿ እኔን አይታ፣ «በንጉሥ አምላክ፣ እትዬ» አለች። ቆምሁ።

«እሳቸው አይሆኑም» አለች ትልቋ። «ተፈርዶባቸዋል።»

«ምን አጥፍተው?»

«ጨዋታውን ያወጡት እሳቸው ናቸው።»

ትንሿ ልጅ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «መጫወትስ? መጫወትም አይችሉም?»

ትልቋ ወደ እኔ አየች፤ ይህን ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ የሽማግሌውን ቃል እያንዳንዱን አስታውሳለሁ። ስለ መጫወት ያሉት ነገር አልነበረም። የገበያ ዘንቢሌን መሬት አኑሬ ጥቂት ጠበቅሁ። በዚያ መሐል ከታች በኩል ጌሾ የተሸከመች ሴት ብቅ አለች፤ ሁለቱም ተጓትተው ወደ እሷ ሮጡ።